አሳዳጊ ያልበደለው ልጅ፦ የሱፐርማን የመነሻ ታሪክ ለምን አይጠገብም?

አንዲት ገጽ ናት። እ.ኤ.አ. በአፕሪል 1938 አሜሪካ ውስጥ በ10 ሳንቲም የሚሸጥ «አክሽን ኮሚክስ» የሚባል መጽሔት በመጀመሪያ ቁጥሩ ይዟት ወጣ። በዚያች ገጽ ላይ አንዲት ሩቅ ፕላኔት ትጠፋለች። በጦርነት አይደለም። በመቅሰፍትም አይደለም። በእርጅና ነው የሚለው። አንድ ሳይንቲስት ጨቅላ ልጁን በጥድፊያ በሠራት መንኮራኩር ውስጥ አስተኝቶ ወደ ምድር ይልከዋል። መኪና ይዞ የሚያልፍ መንገደኛ ሕፃኑን እንደተኛ ያገኘዋል። ወስዶም ለሕፃናት ማሳደጊያ ይሰጠዋል። ልጁ ያድጋል። ጉልበቱ ከሰው ሁሉ የተለየ መሆኑ ይገባዋል። ይህን ጉልበት ለሰው ልጅ ጥቅም አውለዋለሁ ብሎ ይወስናል። በቃ፣ ሱፐርማን ተወለደ።

ከዚያ ወዲህ ይህች ታሪክ በጋዜጣ፣ በሬዲዮ፣ በካርቱን፣ በቴሌቪዥንና በፊልም ስንት ጊዜ እንደተነገረች ቆጥሮ መጨረስ ይከብዳል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መጨረሻዋን የማያውቅ የለም። ያም ሆኖ ሰው እንደገና ሲነገረው ቁጭ ብሎ ይሰማል። በኖቬምበር 2025 የ1939ኙ «ሱፐርማን» ቁጥር 1 አንድ ቅጂ በጨረታ 9.12 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ያገኙት ካሊፎርኒያ ውስጥ የሟች እናታቸውን ቤት ሲያጸዱ የነበሩ ወንድማማቾች ናቸው። ጣሪያ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ፣ ከአሮጌ ጋዜጦች በታች ተቀምጦ ነበር።

በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ደግሞ የጄምስ ገን አዲስ «ሱፐርማን» ፊልም ሲኒማ ገባ። ገን የመነሻ ታሪኩን ዘርዝሮ አልተረከም። መጀመሪያ ላይ በጥቂት መስመር ጽሑፍ አለፈው። ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በፊት አንድ ሕፃን ከሌላ ዓለም መጣ፣ የካንሳስ ገበሬዎች አሳደጉት፣ አለና ወደ ጉዳዩ ገባ። ተመልካቹ ያውቀዋል ብሎ ነው። ግን ትልቁን ክርክር ያስነሳው ራሱ ያ ያልተተረከው መነሻ ሆነ። ወደዚያ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ጥያቄው፦ ይህች ታሪክ ምን አላት?

የተለመደው መልስ ጉልበት ነው። ሰው ሁሉ አቅም ሲያጣ አቅም ያለው ሰው መሆን ይመኛል። እኔም ልጅ ሆኜ የእናቴን ነጠላ አንገቴ ላይ አስሬ ከአልጋ ላይ የዘለልኩት ለመብረር ብዬ ነው። ይህ መልስ ስህተት አይደለም። ግን ጉልበት ያለው ጀግና ከሱፐርማን በፊትም ሞልቶ ነበር። ሶምሶን ነበር። ሄርኩለስ ነበር። የሱፐርማን ደራሲ ጄሪ ሲግል ራሱ ገጸ ባሕርዩን ሲያስብ እነዚህን ሁለቱን ጠቅሷል። ደግሞ የመጀመሪያው ሱፐርማን አይበርም ነበር። የሚዘለው የአንድ ማይል ስምንተኛ ያህል ነው። መብረር በኋላ የመጣ ነው። ታሪኩ ግን ያኔውኑ ሰው ልብ ውስጥ ገብቷል።

እኔ የማምነው ሌላ ነገር ነው። የዚህ ታሪክ ልብ የልጁ ጉልበት ላይ አይደለም፤ መንገድ ዳር የወደቀውን ልጅ ያነሳው ሰው ላይ ነው። ይህን ለማየት ታሪኩ እንዴት እንደተሠራ መከተል ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ሱፐርማን ክፉ ነበር

ጄሪ ሲግልና ጆ ሹስተር ሁለቱም የተወለዱት በ1914 ነው። ሲግል ክሌቭላንድ፣ ኦሃዮ፤ ሹስተር ቶሮንቶ፣ ካናዳ። የሹስተር ቤተሰብ ወደ ክሌቭላንድ ሄደና ሁለቱ ልጆች ግሌንቪል በሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተገናኙ። ሁለቱም ከአውሮፓ የተሰደዱ የአይሁድ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። ሁለቱም ዓይን አፋር ነበሩ። አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ይሥላል። ዘመኑ የታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ነው። ሹስተር ወረቀት መግዣ ስለሌለው ሰው በጣለው የግድግዳ ወረቀት ጀርባ ላይ ሳይቀር ይሥል ነበር።

በ1933 ሁለቱ በራሳቸው በሚያዘጋጁት ትንሽ መጽሔት ላይ «ሱፐርማን» የሚል ስም ያለበት ታሪክ አወጡ። ይህኛው ሱፐርማን ከሰማይ አልመጣም። ዳቦ ለመቀበል ሰልፍ የቆመ ድሃ ሰው ነው። አንድ ፕሮፌሰር ከሰልፉ ይመርጠውና መድኃኒት ያቀምሰዋል። ሰውየው የሰው ሐሳብ ማንበብ ይጀምራል። ከዚያስ? ፕሮፌሰሩን ይገድላል። ዓለምን ልግዛ ይላል።

ይህን ነገር ሰዎች እንደ ተራ ገጠመኝ ያልፉታል። ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሱፐርማን ኃይል አለው። ውልደት ግን የለውም። አባት የለውም፣ እናት የለውም፣ ያሳደገው ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም። ሥልጣን በድንገት እጁ ላይ ወደቀ፤ እሱም ወዲያው አምባገነን ሆነ። ሁለቱ ወጣቶች ይህን ሰው ጥለው ደግ ሱፐርማን ሊፈጥሩ ሲነሱ መጀመሪያ የሰጡት ነገር ካባ ብቻ አይደለም። አባት ሰጡት።

እዚህ ላይ የሲግልን አባት ማንሳት ግድ ይላል። ሚሼል ሲግል ክሌቭላንድ ውስጥ የልብስ ሱቅ ነበረው። በጁን 1932 ሌቦች ገቡበት፤ በዚያው በዘረፋው መሃል ወድቆ ሞተ። ልጁ ጄሪ ያኔ 17 ዓመቱ ነው። ብዙ ተንታኞች «ጥይት የማይበሳው ጀግና የተወለደው ከዚህ ሐዘን ነው» ይላሉ። ሊሆን ይችላል። እኔን የሚነካኝ ግን የደረቱ ጥንካሬ አይደለም። አባቱን በድንገት ያጣ ልጅ የጻፈውን አባት ተመልከቱ። ዓለም እየፈረሰበት፣ የቀረችውን ደቂቃ በሙሉ ለልጁ የሰጠ አባት። ያን ገጽ ባነበብኩ ቁጥር ይህ ይታየኛል።

ታሪኩን የሚገዛ ግን ጠፋ። የጋዜጣ አከፋፋዮች ለዓመታት መለሱት። በመጨረሻ በማርች 1938 ሁለቱ ወጣቶች የሱፐርማንን ሙሉ መብት በ130 ዶላር ሸጡ። 13 ገጽ፣ በገጽ 10 ዶላር ሒሳብ። ድርጅቶች በሱፐርማን ሲከብሩ ፈጣሪዎቹ አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በችግር አሳለፉ። የሹስተር ዓይን እየደከመ ሄደ። በ1975 ብቻ፣ ሕዝብ ከጮኸላቸው በኋላ፣ በዓመት 20,000 ዶላር ጡረታ ተቆረጠላቸው፤ ስማቸውም ተመልሶ በሥራቸው ላይ መጻፍ ጀመረ። ይህ ራሱን የቻለ ትልቅ በደል ነው። ስለ ልግስና የሚያወራ ታሪክ በዚህ መልክ መገዛቱ ያሳዝናል።

ቅርጫቷና ስሙ

ለእኛ አንባቢዎች የሱፐርማን መነሻ እንግዳ አይሆንብንም። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበም ሆነ ቁርኣን የቀራ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ሙሴ ነው። ኦሪት ዘጸአት ላይ እናቱ ልጇን መደበቅ ሲያቅታት የደንገል ሣጥን ዝፍት ቀብታ ወንዝ ዳር አኖረችው። ወላጅ ልጁን ለማትረፍ ከእቅፉ ያወጣዋል። ባዕድ ያነሳዋል። ልጁ ያድግና ሌሎችን ያድናል። ሲግልና ሹስተር በአይሁድ ቤት ያደጉ ናቸው፤ ይህ ታሪክ ለእነሱ እንግዳ አልነበረም።

ስሙም አለ። የሱፐርማን አባት ጆር-ኤል ይባላል፣ ልጁ ካል-ኤል። «ኤል» በዕብራይስጥ አምላክ ማለት ነው። ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ሩፋኤል፣ አማኑኤል ሲባል ለኖረ ጆሮ ይህ ቶሎ ይገባል። ብዙ መተንተን ግን አልወድም። በ1939 የጋዜጣ ሥዕሎች ላይ የአባትየው ስም መጨረሻ አንዲት የላቲን ፊደል (L) ብቻ ነበረች። ዛሬ የምናውቀው አጻጻፍ በ1942 በወጣ ልብ ወለድ የመጣ ነው። ድምፁ አንድ ነው፤ ሐሳቡ ግን ከመጀመሪያው የታቀደ ነበር ማለት አይቻልም።

ከመመሳሰሉ ይልቅ ልዩነቱ ይገርመኛል። ሙሴን ቅርጫቱ ውስጥ ሳለ እህቱ ከሩቅ ሆና ትጠብቀዋለች። የምታጠባውም እናቱ ራሷ ናት። ሲያድግ ወደ ወገኖቹ ይወጣል። ለካል-ኤል ማንም ከሩቅ አይጠብቀውም። የሚመለስበት ወገን የለም፤ አልቋል። ስለዚህ ወገኑን መምረጥ ያለበት እሱ ነው። ከዚህ በላይ ብቸኛ የሆነ ሕፃን መፍጠር ይከብዳል። ያ ብቸኛ ሕፃን ነው እንግዲህ የማያውቃቸውን ሰዎች ወገኔ ያለው።

ታሪኩ ከወጣ ስምንት ወር ገደማ በኋላ፣ በዲሴምበር 1938፣ አውሮፓ ውስጥ የአይሁድ ወላጆች ልጆቻቸውን ብቻቸውን በባቡር ወደ እንግሊዝ መላክ ጀመሩ። 10,000 ያህል ልጆች በዚህ መንገድ ወጡ። ብዙዎቹ ወላጆቻቸውን ዳግመኛ አላዩም። የሱፐርማን ገጽ ከዚህ ቀድማለች፤ ትንቢት ነበረች ማለቴ አይደለም። ግን ልጅን ለማትረፍ ከራስ መለየት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ትውልድ ያችን ገጽ ሲያነብ ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አያቅትም።

ናዚዎችም ሱፐርማንን ዐወቁት። በአፕሪል 1940 ኤስኤስ የሚባለው የናዚ ታጣቂ ድርጅት ጋዜጣ ሲግልን በአይሁድነቱ እየዘለፈ ጽሑፍ አወጣበት። ለምን እንደተናደዱ መረዳት ይቻላል። እነሱ «በደም የበላይ የሆነ ሰው መግዛት አለበት» የሚሉ ናቸው። እዚህ ደግሞ በእርግጥም በተፈጥሮው ከሰው ሁሉ የበረታ ፍጡር አለ። የ1938ቷ ገጽ ራሷ የልጁ አካል ከምድር ሰዎች በሚሊዮን ዓመታት የቀደመ ነው ትላለች። ይህ አደገኛ ሐሳብ ነው፤ በሌላ እጅ ቢወድቅ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ሱፐርማን ግን አይገዛም። ይታዘዛል። በመጀመሪያው ታሪክ ላይ ያደረገውን እዩት። በስህተት የሞት ፍርድ የተፈረደባትን ሴት ያስጥላል። ሚስቱን የሚደበድብ ባል ይይዛል። የተበላሸ ሴናተር ይከታተላል። የሰፈር ችግር ነው።

ያ ጉልበት ወደ ሰፈር ችግር እንጂ ወደ ዙፋን ያልሄደው በምን ምክንያት ነው?

«ያ ሕፃን ከልባችን አልወጣም»

በ1938ቷ ገጽ ላይ መልስ የለም። «ወሰነ» ይላል፣ ያልፋል። መልሱ የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። በ1939 «ሱፐርማን» ቁጥር 1 ሲወጣ መነሻው እንደገና ተጻፈ። አሁን መኪናውን ያቆሙት ባልና ሚስት ናቸው፤ ኬንት የሚባሉ፣ በዕድሜ የገፉ ሰዎች። ሕፃኑን ለማሳደጊያው ሰጥተው ይሄዳሉ። ግን አላስቻላቸውም። ተመልሰው መጡ። ያ ሕፃን ከልባችን አልወጣም አሉ። ልናሳድገው እንፈልጋለን አሉ። ማሳደጊያው በልጁ ጉልበት ዕቃው ሁሉ እየተሰባበረበት ስለነበር በደስታ ሰጣቸው።

ከዚያ ሁለት ምክር ይመጣል። አባትየው «ይህን ጉልበትህን ደብቀው፤ ሰው ይፈራሃል» ይለዋል። እናትየዋ «ጊዜው ሲደርስ ግን ለሰው ልጅ መርጃ አድርገው» ትለዋለች። የሱፐርማን ሥነ ምግባር በሙሉ እነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። አንዱ ፍርሃት ነው፣ አንዱ አደራ ነው። ሁለቱም ፍቅር ናቸው።

በአማርኛ ይህን የሚገልጽ ነገር አለን። ሰው ሲባልግ «አሳዳጊ የበደለው» እንላለን። «ወላጅ የበደለው» አንልም። ጥፋቱ የሚወድቀው በወለደው ላይ ሳይሆን ባሳደገው ላይ ነው። «የወለደችኝ» እና «ያሳደገችኝ» ለእኛ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ አክስቴ አሳደገችኝ፣ አያቴ አሳደገችኝ፣ ጎረቤት አሳደገችኝ የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ጥሩ ሥራ የሠራን ወጣት ትልልቅ ሰዎች ሲመርቁት «ያሳደገህ ይባረክ» ይላሉ። ሱፐርማን በዚህ ዓይን ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ጉልበቱ ከወለዱት ነው። ሱፐርማንነቱ ካሳደጉት ነው። የ1933ቱ ክፉ ሰው ጉልበት ነበረው፣ አሳዳጊ ግን አልነበረውም።

ሌሎቹን ታላላቅ ሱፐርሂሮዎች ከጎኑ ስናቆማቸው ይህ ይበልጥ ይታያል። ባትማን በ1939 መነሻው ሲጻፍለት ወላጆቹ ዓይኑ እያየ ተገድለዋል። የሚነዳው ቁጭት ነው። ስፓይደርማን በ1962 መጣ፤ ሊያስቆመው ሲችል ያለፈው ሌባ አጎቱን ገደለበት። የሚነዳው ጸጸት ነው። ሁለቱም ታላቅ ታሪኮች ናቸው፣ እወዳቸዋለሁ። ግን ሁለቱም ደግ የሆኑት ስለተጎዱ ነው። ሱፐርማን ደግ የሆነው ስለተወደደ ነው። ዛሬ በፊልሙ ሁሉ የቆሰለ ጀግና ብቻ እያየን «ጥሩ ሰው ለመሆን መጀመሪያ መቁሰል ያስፈልጋል» ወደማለት ተጠግተናል። እውነቱ ግን በየቤታችን ያለው ነው። አብዛኛው ጥሩ ሰው ጥሩ የሆነው አንድ ሰው በጥሩ ስለያዘው ነው።

በ2005 መጨረሻ ጸሐፊው ግራንት ሞሪሰንና ሠዓሊው ፍራንክ ኳይትሊ መነሻውን በአራት ሥዕልና በስምንት የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ተረኩት። ወደ አማርኛ ሲመጣ እንዲህ ይመስላል፦ የተፈረደባት ፕላኔት። ጭንቅ የያዛቸው ሳይንቲስቶች። የመጨረሻ ተስፋ። ደግ ባልና ሚስት። ከዚህ በላይ ማሳጠር አይቻልም። የመጨረሻዎቹን ቃላት ልብ በሉ። ጉልበት የሚል ቃል የለም። መብረር የለም። «ደግ» የሚለው ግን ሊወጣ አልቻለም።

የሁለት አባቶች ጭቅጭቅ

እያንዳንዱ ትውልድ ይህን መነሻ ሲያስተካክል የሚጨቃጨቀው በአንድ ጥያቄ ነው። ልጁ የማን ነው?

በ1978 የሪቻርድ ዶነር ፊልም ላይ ሚዛኑ ወደ ሰማዩ አባት ያደላል። ማርሎን ብራንዶ ጆር-ኤልን ሆኖ በነጭ ልብስ ያበራል፤ አንድ ልጄን ላክሁላቸው ይላል። የወንጌል ድምፅ ነው። ግን በዚያ ፊልም ውስጥ ሁሌም የሚያስለቅሰኝ ትዕይንት የመቃብሩ ነው። ምድራዊው አባት ጆናታን ኬንት በልብ ድካም ይሞታል። ወጣቱ ሱፐርማን፣ በምድር ስሙ ክላርክ፣ መቃብሩ ላይ ቆሞ፣ ያ ሁሉ ኃይል እያለኝ ላድነው አልቻልኩም ይላል። ጉልበት ምን እንደማይችል የተማረው ከአሳዳጊው ሞት ነው።

በ1986 ጆን በርን ኮሚኩን እንደ አዲስ ሲጽፍ ሚዛኑን ገለበጠው። ልጁ የመጣባትን ፕላኔት፣ ክሪፕተንን፣ ቀዝቃዛ፣ ፍቅር የማያውቅ ዓለም አደረጋት። ኬንቶችን ደግሞ በሕይወት አቆያቸው፤ ልጃቸው አድጎም ቤታቸው እየመጣ ያማክራቸዋል። የ2013 የዛክ ስናይደር ፊልም ወደ ፍርሃቱ ሄደ። አባትየው ምስጢሩ እንዳይወጣ ብሎ አውሎ ነፋስ ሲወስደው ልጁ እንዳያድነው በእጁ ይከለክለዋል። እውነቱን ለመናገር ይህን አልተቀበልኩትም። የ1939ኙ እናት የተናገረችው አደራ ጠፍቶ የአባትየው ፍርሃት ብቻ የቀረ መሰለኝ።

ገን በ2025 ያደረገው ከሁሉም የደፈረ ነው። (ፊልሙን ያላየ ይህን አንቀጽ ይዝለለው።) ሱፐርማን ወላጆቹ የላኩለትን የተበላሸ መልእክት ግማሹን ብቻ ሰምቶ አድጓል። ግማሹ ደግ ነው፤ እንወድሃለን፣ ጥሩ ሥራ ይላል። ዋና ጠላቱ ሌክስ ሉተር የቀረውን ግማሽ ያወጣዋል። እዚያ ላይ ወላጆቹ «የምድር ሰዎች ደካሞች ናቸው፤ ግዛቸው» ይሉታል። የ1933ቱ ክፉ ሱፐርማን ከ92 ዓመት በኋላ በወላጅ ድምፅ ተመለሰ ማለት ነው። ልጁ ይሰበራል። ካንሳስ ይመለሳል። አባቱ ጆናታን ኬንት በደረቀ የገበሬ አንደበቱ፣ ወላጅ ለልጁ ማን መሆን እንዳለበት አይነግረውም፣ ምርጫህና ሥራህ ናቸው ማንነትህ የሚል ሐሳብ ይነግረዋል። ፊልሙ ሲያልቅ ሱፐርማን ልቡን ለማረጋጋት የሚያየው የሰማይ ወላጆቹን መልእክት አይደለም። ኬንቶች የቀረጹትን የልጅነት ቪዲዮውን ነው።

ብዙ የሱፐርማን ወዳጆች በዚህ ተቆጥተዋል። ጆር-ኤልን አዋረደው ብለዋል። ቁጣቸው ይገባኛል። የ1938ቷ ገጽ ያን አባት በፍቅር ነው የሣለችው፤ ያን ፍቅር መንካት ከባድ ነገር ነው። እኔም ሁለቱም ጥንዶች ደግ ቢሆኑ እመርጥ ነበር። ምክንያቱም የታሪኩ ውበት ሁለት ፍቅር መኖሩ ነው፤ አንዱ ይለቃል፣ አንዱ ያነሳል። ግን ገን ያነሳው ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው።

ስደተኛው

ሌላው ክርክር የመጣው ፊልሙ ሳይወጣ ነው። ገን በቃለ ምልልስ ላይ ሱፐርማን ከሌላ ቦታ የመጣ ስደተኛ ነው፣ ታሪኩም የአሜሪካ ታሪክ ነው አለ። አክሎም በዋናነት ስለ ሰብአዊ ደግነት ነው ብሏል። አሜሪካ ውስጥ የስደተኞች ጉዳይ በጋለበት ወቅት ስለነበር አንዳንድ ወግ አጥባቂ ተንታኞች ፖለቲካ አስገባበት ብለው ተነሱ።

ፖለቲካው አዲስ አይደለም። አሜሪካ በ1924 ባወጣችው ሕግ ከምሥራቅ አውሮፓ ለሚመጡ ሰዎች በሯን ልትዘጋ ደርሳ ነበር። በዚያ ሕግ ዘመን ነው ሁለት የስደተኛ ልጆች ወረቀት የሌለው፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሕፃን አንድ መንገድ ዳር ያወረዱት። ክላርክ ኬንት መነጽር አድርጎ፣ ስሙን አሳምሮ፣ ቢሮ ገብቶ እንደማንኛውም ሰው ለመምሰል ይደክማል። ይህን ትርጉም ገን አልጨመረውም።

በውጭ ያሉ ዘመዶቻችን ልጆች ይህን ያለ አስረጂ ይረዱታል። ዋሽንግተን አካባቢ የሚያድግ የእህቴ ልጅ ፊልሙን አብረን ካየን በኋላ «ካል-ኤል የቤት ስሙ ነው አይደል?» አለኝ። እሱ ራሱ የቤት ስም አለው፣ የትምህርት ቤት ስም አለው። እቤት ሌላ ቋንቋ፣ ውጭ ሌላ ቋንቋ። ሁለት ስም ያለው ጀግና ለሌላው ልጅ ምስጢር ነው። ለእሱ የተለመደ ቀኑ ነው።

ግን ታሪኩ የሚሸፍነው ነገር አለ፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ልጅ ወስዶ ማሳደግን «ጉዲፈቻ» ብለን ስንጠራ ቃሉን ያገኘነው ከኦሮምኛ ነው። በባህሉ ጉዲፈቻ ልጁን ሙሉ በሙሉ የቤት ልጅ ያደርገዋል። ወደ ውጭ የተደረገው ጉዲፈቻ ግን ሌላ መልክ ነበረው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሕፃናት ወደ አሜሪካና አውሮፓ ሄደዋል። ከእነሱ ብዙዎቹ ወላጅ ነበራቸው። ኢትዮጵያ በ2018 የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ አገደች። በሱፐርማን ታሪክ ፕላኔቷ ትጠፋለች፣ ወላጆቹ ይሞታሉ፤ የሚመጣ ጠያቂ የለም። በእውነተኛው ሕይወት እናት ልትኖር ትችላለች። ልጁ ሃያ ዓመት ሲሞላው ወንዙን ተሻግሮ ሊፈልጋት ይችላል። የኮሚኩ መነሻ ንጹሕ የሆነው ክሪፕተን ስለፈነዳች ነው። በጉዲፈቻ ያደገ ሰው ይህን ታሪክ በፍቅርም በቅሬታም ቢያነበው አይፈረድበትም። ሁለቱም እውነት ናቸው።

የ2034 እና የ2035 ነገር

በአሜሪካ ሕግ የዚያ ዘመን ሥራ ለ95 ዓመት በባለቤቱ እጅ ይቆያል። ስለዚህ በጃንዋሪ 1፣ 2034 የ1938ቱ «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 የሕዝብ ንብረት ይሆናል። የንግድ ምልክቱ ጉዳይ ለብቻው ነው፤ ታሪኩን ግን ማንም ሰው እንደገና ሊጽፈው፣ ሊሥለው፣ ሊቀርጸው ይችላል። አዲስ አበባ ያለ ወጣት ሠዓሊም አሜሪካ ላለ አንባቢ ይዞት ሊወጣ ይችላል።

ያኔ ነጻ የሚወጣው ሱፐርማን ግን የመጀመሪያው ነው። አይበርም። ስሙ ክላርክ ነው። የመጣባት ፕላኔት ስም የላትም፤ «ክሪፕተን» የሚለው በ1939 ጋዜጣ ላይ ነው የወጣው። ወላጆቹ ስም የላቸውም። ኬንት ባልና ሚስትም የሉም። እነሱ ያሉበት ቅጂ የ1939 ስለሆነ እስከ ጃንዋሪ 1፣ 2035 ይጠበቃል።

አንድ ሙሉ ዓመት፣ ሕፃኑ የሁሉም ሆኖ ቤቱ ገና የኩባንያ ይሆናል። በዚያ ዓመት ታሪኩን የሚጽፍ ሰው የሚነሳው ከዚያች ገጽ ነው። ፕላኔት ታረጃለች። አባት ይጣደፋል። መንኮራኩር ትወርዳለች። አንድ መኪና መንገድ ዳር ይቆማል። የወረደው ሰው ማን እንደሆነ ገጿ አልጻፈችም፤ ስሙን፣ ፊቱን፣ ለምን እንደቆመ ጸሐፊው ራሱ መፍጠር አለበት።